የለቅሶ ቤት እሳት

መርዶውን ይዘውልኝ የመጡት ሴቶች ድስትም ይዘው ነበር።

ቀኑ አርብ ነው። እዚህ ዓረብ አገር ቅዳሴ የምናስቀድሰው አርብ ነው፤ ተመልሼ ነጠላዬን ሳላጥፍ በሩ ተንኳኳ። የማኅበራችን ሴቶች ደጃፌ ላይ ቆመዋል። አንዷ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ታቅፋለች። ሳይጠሩ፣ ሳይደውሉ፣ ምግብ ይዘው የሚመጡ ሴቶች ምን ሊናገሩ እንደመጡ በእኛ አገር ልጅም ያውቃል። ያላወቅኩት ማን እንደሆነ ብቻ ነበር። እናትና አባቴ ቀድመው ሄደዋል። የቀረችኝ ታናሽ እህቴ ሰላም ናት፤ እሷ ናት ብዬ የበሩን መቃን ያዝኩ።

«ሰላም ደህና ናት» አለች በዕድሜ ትልቋ፣ ፊቴን አይታ። «እስኪ ተቀመጪ ምሕረት። እትዬ አስካለ የሚባሉ ጎረቤት ነበሯችሁ አሉ።»

«ነበሯችሁ» የሚለውን ቃል ስሰማ ሌላውን ሳትነግረኝ ጨረስኩት።

ካረፉ ሁለት ሳምንት አልፏል። ልባቸው ደክሞ ጥቂት ቀን ተኙ፣ ከዚያ በቃ። እህቴ «ብቻዋን በሰው አገር እንዴት ትሰማዋለች» ብላ ይህን ሁሉ ጊዜ ደብቃኝ፣ በመጨረሻ ለማኅበሩ ሴቶች ደውላ ነው ያስነገረችኝ። እኔ በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ በየማታው ጸሎቴ ላይ «እትዬ አስካለን ዕድሜ ስጥልኝ» እል ነበር። አፈር ውስጥ ላሉ ሰው።

አለቀስኩ። ለቅሶዬ ጋብ ሲል ሴቶቹ ሳህን ፈልገው ወጡን ሊያወጡ ተነሡ። እጄን ሰድጄ ድስቱን ነካሁት። ለብ ብሏል።

«ይሙቅ» አልኩ።

«ተይ እንጂ፣ አንቺ ሐዘንተኛ ነሽ፣ አትነሺም» አለችኝ አንዷ። «ደግሞ አሁን ነው የሠራነው፣ ምንም አልሆነም።»

ተነሣሁ። ምድጃውን ለኩሼ ድስቱን ጣድኩና እስኪፈላ፣ ከፈላም በኋላ እስኪንተከተክ ድረስ ከሥሩ እያማሰልኩ ቆየሁ። ፊቴን ያረጠበው እንባዬ ይሁን እንፋሎቱ ለእኔም አይለይም። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እትዬ አስካለን የማያውቅ ሰው ሐዘን አእምሮዋን ነካው ቢል አልቀየመውም። የሚያውቋቸው ግን ከዚህ የተሻለ ለቅሶ አይለቀስላቸውም ይላሉ።

ቦንጋ ውስጥ የእኛ ቤትና የእሳቸው ቤት ፊት ለፊት ነው። መካከላችን ያለው ክረምት ከበጋ ጭቃ የማያጣው ቀጭን መንገድና የእንሰት አጥር ብቻ ነው። የእኛ አያቶች ከሸዋ የመጡ ናቸው። እትዬ አስካለ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የማንኪራ ገጠር ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰው ነበሩ። አማርኛን የለመዱት ቦንጋ ገብተው ካገቡ በኋላ ስለሆነ ሲናገሩ የአገራቸው ቋንቋ የካፊኖኖ ዜማ ነበረው። ሲቆጡ ደግሞ አማርኛውን ጨርሰው ይተዉትና በካፊኖኖ ይቀጥላሉ፤ እኛ ልጆች ቃሉን ባናውቀውም የሚፈለግብንን እናውቀው ነበር። ቁመታቸው ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ ነው። የቀሚሳቸው እጅጌ ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ በቀር ከክርናቸው ወርዶ አላየሁም።

የእድራችን የወጥ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ሥራቸው ለቅሶ ቤት የሚበላውን ማየት ነው። ይህ ለምን ከባድ ሥራ እንደሆነ ለመናገር የሰፈራችንን ልማድ መንገር አለብኝ።

በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት የሟች ቤት ምድጃ እስከ ሠልስት አይነድም። ጎረቤት ከየቤቱ ሠርቶ ያመጣል። የመጣው ወጥ ደግሞ ትልቅ ድስት ውስጥ ይቀላቀላል፤ ቀዩ ከቀዩ፣ አልጫው ከአልጫው፣ የነጋዴዋ ከልብስ አጣቢዋ። እከሊት ቀጭን ወጥ ይዛ መጣች፣ እከሊት ሥጋ አበዛች እንዳይባል ነው። ከተገለበጠ በኋላ የማን እንደሆነ ማንም አይለየውም። ይህን ልማድ ዛሬም እወደዋለሁ። ክፋቱ ግን የጠዋቱ ከከሰዓቱ፣ የትናንቱ ከዛሬው መገናኘቱ ነው። እሳት በሌለበት ግቢ ትልቁ ድስት ተከድኖ የድንኳኑ ጥግ ላይ ለብ እንዳለ ይውላል፣ ያድራል። በቦንጋ ብርድ ምን ይበላሻል ይባል ነበር።

የእትዬ አስካለ ባል የሞቱት እኔ ፊደል ሳልጨርስ ነው። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ብርቱካን ትባላለች፤ እኩያዬ ናት፣ ጓደኛዬ። በአባቷ ለቅሶ ሁለተኛ ቀን እኔና እሷ ድንኳኑ ኋላ ተቀምጠን ከዚያ ድስት የወጣ ሥጋ ወጥ በአንድ ሳህን በላን። እንደዛሬ አስታውሳለሁ፤ ሥጋውን ለእኔ እየገፋች እሷ መረቁን በእንጀራ ታጣቅስ ነበር። ሳይመሽ ሁለታችንንም አመመን። ያስታውከናል፣ ያስቀምጠናል። አባቴ አዝሎኝ በዝናብ ሐኪም ቤት ሮጠ። ክንዴ ላይ መርፌ ሰክተው ውኃ አንጠባጠቡልኝ፣ ተረፍኩ።

ብርቱካንን ይዞ የሚሮጥ አባት አልነበራትም። እናቷ ፍራሽ ላይ ናቸው፤ ሐዘንተኛ አይነሣም። በዙሪያቸው የነበሩት ሴቶች በክፋት አይደለም፣ በእውነት በክፋት አይደለም፣ «ሐዘን ላይ ሐዘን አንጨምርባት፤ የሆድ ቁርጠት ነው፣ ያልፋል» ተባባሉና ልጅቱን ጓዳ አስተኟት። እትዬ አስካለ «ብርቱካን የት አለች?» ባሉ ቁጥር «ተኝታለች» ይሏቸው ነበር። ሲነግሯቸው ረፍዷል። በአባቷ ሠልስት፣ እዚያው ድንኳን ሥር፣ አዲስ ለቅሶ ተጀመረ።

ሰው ሁሉ እትዬ አስካለ አንድ ጥያቄ እስኪጠይቁ ጠበቀ። ሥጋ ወጥ ያመጡት የታወቁ ቤቶች ናቸው። የማን ነበር? ብለው አንድ ቀን አፋቸውን ቢከፍቱ ሰፈሩ ለሁለት ይከፈል ነበር። አልጠየቁም።

ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት፣ ጥቁራቸውን ሲያወጡ፣ ከጤና ጣቢያ እየመጣች ሴቶችን የምታስተምር ነርስ ነበረች። ሲስተር ሒሩት እንላታለን። ትምህርቱ እኛ ቤት በረንዳ ላይ ስለነበር እኔም ጥግ ይዤ እሰማለሁ። ትምህርቱ ሲያበቃ እትዬ አስካለ ተናገሩ።

«ሲስተር፣ ያ ወጥ አልሸተተም። ለእኔም ሰጥተውኛል፣ ቀምሼዋለሁ። ጣዕሙ ደህና ነበር።»

«ባክቴሪያ ሁልጊዜ አይሸትም፣ እትዬ። በዐይን አይታይም፣ በምላስም አይታወቅም። ለብ ያለ ነገር ሲያገኝ ይራባል።»

«ምን ይፈራል?»

«እሳት። ብርድ ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። ከሁለቱ መካከል ያለው ነው ክፉው።»

«እና ቢፈላ ኖሮ?»

ሲስተር ሒሩት ቀና ብላ አየቻቸው። ምን እየተጠየቀች እንደሆነ ገብቷታል። «ቶሎ ቶሎ ቢፈላ፣ ከፈላም በኋላ እሳት ላይ ቢቆይ፣ ብዙ ጊዜ ያድናል። ብዙ ሰዓት ለብ ብሎ ከዋለ ግን አንዳንዱ መርዙን ትቶ ነው የሚሞት። መርዙን ማፍላት አያጠፋውም። እሱን መድፋት ነው።»

«ሞቶም» አሉ እትዬ አስካለ።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው ቆሙ። የእድሩ ዳኛ ያን ጊዜ ጋሽ ወልዴ ነበሩ፤ ደግ፣ ግን ልማድ ሲነካ አንገታቸው የማይዞር ሰው።

«የለቅሶ ቤት ወጥ መፍላት አለበት» አሉ እትዬ አስካለ።

«በለቅሶ ቤት እሳት አይነድም። አባቶቻችን ያቆዩልንን እኛ አናፈርስም» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«አይንደድ። ማን ይንደድ አለ?»

«ታዲያ ምን ልትይ ነው የተነሣሽው?»

«የሟች ቤት ምድጃ ይጥፋ። የእኔ ቤት ግን ከእንግዲህ የሚሞትበት የለም፤ ያሉኝ ሞተው አልቀዋል። እሳቱ እኔ ቤት ይነዳል። ወጡ እኔ ዘንድ ይመጣል፣ ይፈላል፣ ይመለሳል።»

ጋሽ ወልዴ እንኳ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ይህን ሁሉ ድስት በጭቃ ልታመላልሺ ነው?»

«እግር አለኝ።»

የነፍስ አባታችን ጉሮሯቸውን ጠርገው «ተዉአት እስኪ» አሉ። «ለብ ያለውን እግዚአብሔርም አይወደውም።» ሰው ሳቀ፣ በዚያው ተወሰነ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለቅሶው የትም ይሁን፣ እሳቱ እትዬ አስካለ ቤት ነበር። ሴቶች ትልልቁን ድስት በእንጨት አንጠልጥለው፣ በዝናብ ከሆነ ላስቲክ አልብሰው፣ መንገዱን ያቋርጣሉ። ጎረቤት ወጥ ሲያመጣ ቀጥታ ድንኳን አይገባም፤ በእሳቸው በኩል ያልፋል። መቀላቀሉን አልከለከሉም። እንዲያውም እሳቸው ናቸው ፈጥነው የሚገለብጡት፣ የማን እንደሆነ ሰው ሳያይ። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ሁሉም በእሳት ያልፋል።

«እትዬ፣ የእኔ አሁን ነው ከምድጃ የወጣው» ትላለች አንዷ ተቀይማ።

«ይለፍ። ቢያልፍ ምን ይጎድለዋል?»

«ተጠራጠሩኝ እንዴ?»

«አንቺንማ ብጠራጠር የአንቺን ብቻ አሳልፍ ነበር። ሁሉንም ነው የማሳልፈው።»

የድንኳኑ በር ላይ ደግሞ ሳሙናና ማንቆርቆሪያ ይዘው ይቆማሉ። «እጅህን ሳላይ ፊትህን አላይም» ይሉታል ገቢውን ሁሉ፣ ሹምም ቢሆን። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበትን ጣውላ ከሌላው ለይተው ቀይ ክር አስረውበት ነበር፤ ያንን ጣውላ ለሽንኩርት ያነሣች ሴት በካፊኖኖ ነበር የምትሰማው።

መነጽራቸውን ግን ሳልነግር አላልፍም። ዐይናቸው ሲደክም ወፍራም መነጽር አደረጉ። ወጡ ሲንተከተክ ድስቱ ላይ ጎንበስ ይላሉ፣ እንፋሎቱ መነጽሩን ድፍን ያደርገዋል፣ ቀና ይላሉ፣ ነጭ ሆኖ ዐይናቸው አይታይም። «አሁን ታወርኩ፤ ልጆቹን አብሉ» ይላሉ። ሁልጊዜ ልጆች ይቀድማሉ። መነጽራቸው ያልደመነበት ድስት ለልጅ አይቀርብም። እኔ ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላም ለቅሶ ቤት ስሄድ «ነይ ምሕረቴ» ብለው ከልጆቹ ጋር ያሰልፉኝ ነበር። ስበላ ቆመው ያዩኛል። ሲያዩኝ ከአጠገቤ ባዶ ቦታ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። በእኔ ቁመት የብርቱካንን ቁመት ይለኩ ነበር፤ ስመረቅም፣ ወደ ዓረብ አገር ስሸኝም፣ አንዴ እኔን አንዴ ጎኔን አይተው ነው የመረቁኝ።

የሚያስቅም ነበራቸው። የጋሽ ወልዴ እናት ሲያርፉ ከሺሺንዳ አንዲት ነጋዴ ዘመዳቸው በአውቶቡስ መጣች፤ ትልቅ ባልዲ የበግ ወጥ ይዛ። ኩራት ኩራት ብሏታል። እትዬ አስካለ ተቀበሏት።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ እህቴ፤ ይህን ሁሉ መንገድ። መቼ ተሠራ?»

«ትናንት ከሰዓት። ትኩሱን ባልዲ ውስጥ ጨምሬ ክዳኑን ጥርቅም። እስካሁን ለብ እንዳለ ነው፣ ንኪው እስኪ።»

እትዬ አስካለ ነኩት። ባልዲውን አነሡና ወደ ቤታቸው አመሩ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ሸርተት አሉ፣ ባልዲው በአፉ ተደፋ። ሴትየዋ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። እትዬ አስካለ «ምን ዓይነት እጅ ነው ይሄ! ከዳኝ እኮ» እያሉ ልጅም ውሻም እንዳይነካው ከሥር ከሥሩ አመድ ያለብሱበታል።

ጋሽ ወልዴ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ከድንኳኑ በር ያዩ ነበር። «አስካለ፣ ይህ እጅሽ እንስራ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ አይከዳሽም። የሩቅ አገር ባልዲ ሲያይ ነው የሚከዳሽ?»

«እርጅና ነው ጋሽ ወልዴ።»

«እርጅናው ባለፈው ከእንድሪስ ቤት የመጣውን ገንቦ ወተትም ደፍቷል።»

«እንግዲህ ባሰብኝ ማለት ነው። ይጸልዩልኝ።»

ሐዘንተኛው ሰውዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅሱ የመሰለው ሰው መጥቶ ደገፋቸው። ያቺ የሺሺንዳ ሴት ስትመለስ ባልዲዋ ታጥቦ የማንኪራ ማር ተሞልቶበት ነበር። እትዬ አስካለ አውቶቡስ ድረስ ሸኟት፣ መንገዱን ሙሉ እጃቸውን እየተራገሙ። እንዲያፍር የፈለጉት እጃቸው ነበር፤ ሰው በፊታቸው እንዲያፍር አይወዱም።

እናቴ በመጨረሻው ሕመሟ አልጋ ላይ ሳለች እትዬ አስካለ በየጠዋቱ አጥሚት ያመጡላታል። አንድ ቀን ኩባያውን እንደያዙ እናቴ እጃቸውን ያዘች።

«አስካለ፣ ልናገረው። የዚያን ቀን ሥጋ ወጥ የእኔ ነበር።»

«ሥጋ ወጥ ያመጣው ብዙ ሰው ነው። ጠጪ።»

«የእኔ ያደረ ነበር። ያደረ መሆኑን እያወቅኩ ነው ያመጣሁት። ምን ይሆናል ብዬ።»

እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። እስከዚያች ቀን ድረስ አላውቅም ነበር። እትዬ አስካለ ኩባያውን አስቀመጡ።

«ተቀላቅሏል እኮ አንቺ። ከተቀላቀለ በኋላ የአንድ ሰው አይደለም።»

«አስካለ...»

«ምሕረትስ ከዚያው አይደል የበላችው? ልጅሽን ልትገድያት አስበሽ ነበር? እንግዲያው ዝም በይ። ይቀዘቅዛል፣ ጠጪው።»

እናቴ አለቀሰች፣ ጠጣችም። እትዬ አስካለ ሲወጡ ተከተልኳቸው። ከእንሰቱ አጥር ሥር ቆመው መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ይጠርጉ ነበር። ዝናብ አልነበረም፣ እንፋሎትም አልነበረም።

«ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ብጠይቅ ኖሮ አውቅ ነበር። ከዚያ ግን ጎረቤት አይኖረኝም። እናትሽም አንቺን አታመጣልኝም ነበር።» መነጽሩን አደረጉ። «ወጡን አልቀየምም ምሕረቴ። ወጥ መቼም ይበላሻል። እኔን የገደለኝ ‘ተኝታለች’ ያሉኝ ነው። ያን ጊዜ ቢነግሩኝ ከፍራሽ ተነሥቼ አዝያት እሮጥ ነበር። ሐዘንተኛ ተነሣች ቢሉኝ ምን ይመጣል?»

ይህን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እዚህ ከመጣሁ በኋላ የምሠራው ለሕሙማን ምግብ በሚያዘጋጅ ትልቅ ወጥ ቤት ነው። በወር አንዴ፣ እሑድ፣ እደውልላቸው ነበር። የመጨረሻውን ንግግራችንን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«እዚያስ ያፈሉታል?» አሉኝ፣ ሁልጊዜ እንደሚጠይቁኝ።

«እዚህ በመሣሪያ ነው፣ እትዬ። መርፌ የመሰለ ነገር ድስቱ ውስጥ ይከቱና ሙቀቱን በቁጥር ይናገራል።»

«መነጽር የላቸውም?»

ሳቅን። ከዚያ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ልባቸው ያን ጊዜም ታሟል ማለት ነው፣ «አንድ ነገር ያሳስበኛል» አሉኝ።

«ምን?»

«እኔ ስሞት ቤቴ የለቅሶ ቤት ይሆናል። ምድጃዬ ይጠፋል። ማን ቤት ሊነድ ነው?»

«እንዲህ አይበሉ።»

«የምሬን ነው። ሌላው አያሳስበኝም፤ ፍትሐቱን ቄሶቹ ያውቁበታል። ግን ልጅ ስለሌለኝ የሚያለቅስልኝ እድሩ ነው፤ እድሩ ደግሞ ልጆቹን ይዞ ነው የሚመጣ። እኔ ቤት መጥቶ ልጅ እንዳይታመም። ከእኔ ቤት ሌላ ልጅ እንዳይወጣ።»

«ሰው ለምዷል እኮ እትዬ። ያውቁታል።»

«የለመዱት እኔ ቤት ማምጣት ነው» አሉ። «ማንደድን ማን እንደለመደ አላውቅም።»

ስለ ክረምቱ፣ ስለ እህቴ ልጆች አወራንና በረከታቸውን ሰጥተውኝ ስልኩን ዘጉ።

አሁን ያ ጥያቄያቸው እኔ ላይ ቀርቷል። ከማለቅሰው ይልቅ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። የሞቱት በነሐሴ ነው፣ ዝናቡ በማያባራበት፣ እንጨቱ በሚረጥብበት ጊዜ። ቤታቸው ድንኳን ተጣለበት፣ ምድጃቸው ጠፋ፤ የዚያ ሰፈር ለቅሶ ሁሉ ወጥ የፈላበት ምድጃ በእሳቸው ቀን አልነደደም። መንደድም የለበትም፣ ልማዱ ነው። ታዲያ የመጣው ሽሮና ምስር የት ሄደ?

እህቴን ጠየቅኳት። እሷ የምትኖረው ቢታ ገነት ነው፤ በመንገዱ ብልሽት የደረሰችው በሠልስቱ ነው።

«ሕዝቡን ብታዪው» አለችኝ። «ድንኳኑ አልበቃ ብሎ መንገድ ላይ ተቀምጧል። ከማንኪራ እንኳ በእግሩ የመጣ አለ።»

«እሳቱስ ሰላም? የት ነበር የሚነደው?»

«የምን እሳት?»

«ወጡ የት ነበር የሚፈላው?»

«እኔ እንጃ፣ ስደርስ እኮ ሊያበቃ ነው። ሁሉም ደህና ነው፣ አንቺ አትጨነቂ።»

እህቴን እወዳታለሁ፤ ከእሷ ሌላ የለኝም። ግን «ሁሉም ደህና ነው» ስትል «ተኝታለች» የሚሉት ሴቶች ድምፅ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ እሷን መጠየቅ ተውኩ።

ስለዚህ የምጠይቀው እናንተን፣ የእድራችንን ሰዎች ነው፤ በመጀመሪያው ቀንና በሁለተኛው ቀን እዚያ የነበራችሁትን። ድስት ያነሣችሁትን፣ ሳህን ያጠባችሁትን፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ድንኳኑ ሥር የተቀመጣችሁትን። ሩቅ ናት፣ ብቻዋን ናት ብላችሁ አትዘኑልኝ። ሞታቸውን ሁለት ሳምንት ደብቃችሁኛል፤ ይህን ግን አትደብቁኝ። ልጅ ታሞ ከሆነ ታሟል በሉኝ። ምንም እሳት አልነደደም ከሆነ አልነደደም በሉኝ፤ የእናቴ ወጥ ቤት ፊት ለፊት አለ፣ ተከራዩን እኔ አስፈቅዳለሁ፣ የተዝካራቸው ዕለት እዚያ ይንደድ። እንጨቱን ከአሁኑ ጣሪያ ሥር አስገቡት።

ነድዶ ከሆነ ግን ማን ቤት እንደነደደ ንገሩኝ። ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ ፊቷ በእንፋሎት ረጥቦ፣ «አሁን ልጆቹን አብሉ» ያለች አንዲት ሴት በመካከላችሁ ነበረች ወይ? ሌላ ምንም አልፈልግም። በጸሎቴ ከእትዬ አስካለ ቀጥዬ እንድጠራት፣ የክርስትና ስሟን ላኩልኝ።